ለፊደል የሚከፍል ጠፋ

የገበያ ሕግ ቀላል ነው ይባላል። ፈላጊ ካለ ሻጭ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ዲዛይን የሚማሩ ወጣቶች ግን ይህ ሕግ የማይሠራበት አንድ ዕቃ እንዳለ የሚደርሱበት ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ነው። ዕቃው የአማርኛ ፊደል ነው። ያለ እሱ ታፔላ አይሰቀልም፣ ማሸጊያ አይታተምም፣ ጋዜጣ አይወጣም። ይሁንና ቅርጹን የሚሸጥ ጥቂት ነው፣ የሚገዛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ስለ ዲዛይን ተማሪ ችግር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሌላ ነው። ግማሹ «መነሻ ሐሳብ አጣን» ይላል፣ ግማሹ «መሣሪያው ውድ ነው» ይላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱም መፍትሔ አላቸው፣ መፍትሔውም ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው።

መነሻ ሐሳብ የሚባለውን ብንወስድ፣ ተማሪው ሥራ ሲሰጠው በመጀመሪያ የሚከፍተው ስልኩን ነው። ፒንተረስትና ቢሃንስ በጥቂት ሴኮንድ ሺህ ማሸጊያና ሺህ አርማ ይዘረግፉለታል። ያንኑ ሺህ ሥዕል ግን የናይሮቢውም፣ የጃካርታውም፣ የሊዝበኑም ተማሪ እያየው ነው። ሁሉም ከሚቀዳበት ምንጭ የተቀዳ ነገር በገበያ ላይ የተለየ ዋጋ ሊያወጣ አይችልም። የአዲስ አበባ ካፌዎች ታፔላ እርስ በርሱ እየተመሳሰለ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በአንጻሩ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ተማሪ የታክሲ ሒሳብ ብቻ ከፍሎ የሌላ አገር ተማሪ የማያገኘውን ያያል። ሸማኔው ጥለቱን የሚያወጣው ክር በክር እየቆጠረ ነው። እያንዳንዱ አልማዝ፣ እያንዳንዱ መስቀል በተቆጠሩ ክሮች ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ሥዕል ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ጋር አሠራሩ አንድ ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። መስቀሎቹን ብቻ ተቀምጦ መንደፍ የአንድ ወሰነ ትምህርት ሥራ ይወጣዋል። የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ ሥራ ነው። ወሰኔ የአማርኛን ፊደል ከቃል ነጥቆ፣ አጣሞና አስጨፍሮ፣ በዓለም ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ያዋለ ሰው ነው። ፊደሉ ቅርጽ እንጂ ድምፅ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የመሣሪያው ነገር በገንዘብ የሚሰላ በመሆኑ ትንሽ ዘርዘር ማለት ይገባዋል። አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፎቶሾፕንና ኢላስትሬተርን አንዴ ሸጦ መገላገል ትቶ በወር ኪራይ ብቻ ማቅረብ ጀምሯል። ሙሉ ጥቅሉ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ግለሰብ በወር ከ50 ዶላር በላይ ነው። 50 ብቻ ቢባል እንኳ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በ57 ብር ሒሳብ 2,850 ብር ነበር። በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ዶላር ከ120 ብር ሲያልፍ ከ6,000 ብር በላይ ሆኗል። ኩባንያው በዶላር ዋጋው ላይ አንዲት ሳንቲም ባይጨምርም ለአዲስ አበባው ተማሪ ኪራዩ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ተወደደበት ማለት ነው። ለተማሪ የሚደረገው ቅናሽ ሒሳቡን ቢያቃልለውም የክፍያውን ዶላርነት አይለውጠውም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ተማሪ ገንዘቡ ቢኖረው እንኳ የሚከፍልበት መንገድ የለውም።

መልሱ እስካሁን ኮፒ ነበር። ኮምፒዩተር ቤት ሄዶ «ጫንልኝ» ማለት። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ቢሆንም፣ አዋጁን አስቦ ከኮምፒዩተር ቤቱ በር የተመለሰ ተማሪ ብዙ አይመስልም።

አሁን ግን ኮፒ የሚያስፈልግበት ምክንያት እያለቀ ነው። ኢንክስኬፕ ለአርማና ለመስመር ሥራ፣ ጊምፕና ክሪታ ለፎቶና ለሥዕል፣ ብሌንደር ለተንቀሳቃሽ ምስል በነፃ ይገኛሉ። ብሌንደር የድሃ መሣሪያ ነው የሚል ካለ፣ በእሱ የተሠራው «ፍሎው» የተባለ የላትቪያ ፊልም በየካቲት 2017 ዓ.ም. ኦስካር መውሰዱን ልብ ይበል። አፊኒቲ የተባለው ይሸጥ የነበረ ፕሮግራምም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በነፃ ተለቋል። ኢንክስኬፕ የተሠራው በመስኮት ቀለም ስለሆነ ማተሚያ ቤቱ የሚፈልጋቸውን አራቱን የኅትመት ቀለሞች ለመለየት ይቸገራል። ለዚያ ስክራይበስ አለ፣ እሱም ነፃ ነው። የቀረው ችግር የሥራ ማስታወቂያዎቹ «ፎቶሾፕና ኢላስትሬተር የሚችል» ማለታቸው ነው። ቀጣሪው ሥራውን እንጂ የፕሮግራሙን ስም ሊፈትን አይገባም ነበር። እስኪለመድ ግን ተማሪው ሁለቱንም ማወቁ አይቀርለትም።

መነሻ ሐሳቡ ሽሮ ሜዳ ከተገኘ፣ መሣሪያውም በነፃ ከመጣ፣ ተማሪው ምን ጎደለው?

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የይርጋ ጨፌ ቡና ማሸጊያ እንድትነድፍ ሥራ ተሰጣት እንበል። ከረጢቱ ላይ ስሙ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ለላቲኑ ጉግል ብቻ በነፃ ያቀረባቸው የፊደል ዓይነቶች ከ1,500 በላይ ናቸው። ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ ጥንታዊውን፣ ዘመናዊውን እንደ ልቧ ታማርጣለች። ወደ አማርኛው ስትመጣ ምርጫው በጣት የሚቆጠር ነው። የላቲኑን ቅጥነት የሚመጥን ስታጣ ያገኘችውን ትለጥፋለች። ውጤቱ ሙሉ ልብስ ለብሶ በሸበጥ መውጣት ይሆናል። የከተማው ታፔላ በአብዛኛው ይህንኑ ይመስላል። እንግሊዝኛው የታሰበበት፣ አማርኛው የተጨመረ።

ወፈር ያለ ፊደል ስትፈልግ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ያለውን ቀጭን ፊደል በዙሪያው ቀለም ጨምሮ ያደልብላታል። በዚህ ጊዜ የ«ወ»፣ የ«መ» እና የ«ፀ» ዓይን ይደፈናል። ከሩቅ የሚያየው ሰው ጥቁር ጠብታ እንጂ ፊደል አያይም። ትክክለኛ ወፍራም ፊደል የሚሠራው ዓይኑን እያሰፉ፣ እግሩን እያስተካከሉ፣ አንድ በአንድ በእጅ ተነድፎ ነው።

ብልህ ተማሪ ለከረጢቱ ፊት መላ አታጣም። ይ፣ ር፣ ጋ፣ ጨ፣ ፌ፤ አምስት ፊደል ብቻ ስለሆኑ ራሷ ትነድፋቸዋለች። የድሮ ታፔላ ጸሐፊዎች ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ከረጢቱ ሲገለበጥ ግን ስለ አቆላሉ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ አምራቹ የሚያትት ጽሑፍ አለ። ለዚያ ሙሉ ገበታ ያስፈልጋል።

ሙሉ ገበታ ምን ያህል ነው? ላቲን ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ነው። የእኛው 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋል። ለአንዱ ፊደል ግማሽ ቀን ቢመደብ ላቲኑ በ26 ቀን ያልቃል፣ አማርኛው 150 ቀን ይወስዳል። እሑድ ሳያርፉ አምስት ወር መሆኑ ነው። ካዕቡና ሳልሱ ከግዕዙ ላይ መስመር ቢጨመር ይገኛል፣ ስለዚህ ሥራው ይህን ያህል አይበዛም የሚል ይኖራል። መጥፎ ፊደል የሚሠራው በትክክል እንዲህ ተብሎ ነው። የኃምሱ ቀለበት በ«ቤ» ላይ የሚቀመጥበት ቦታና በ«ፌ» ላይ የሚቀመጥበት አንድ አይደለም። የ«ረ» እና የ«ፈ» ቤቶች ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ጠባይ አላቸው። አንዱን ቀለበት ገልብጦ 33 ቦታ የሚለጥፍ ሰው ጊዜ ያተርፋል፣ የአንባቢውን ዓይን ግን ያደክማል።

አምስት ወር የለፋ ሰው ዋጋውን ከማን ያገኛል? እዚህ ላይ ነው ገበያው የሚቆመው። ፊደል አንዴ ከተሠራ በኋላ ማባዛቱ ምንም አያስወጣም። አንድ መሥሪያ ቤት ከገዛው ጎረቤቱ በፍላሽ ይወስደዋል። የመጀመሪያው ገዢ ለሁሉም ከፋይ የሚሆንበት ዕቃ ከሆነ ማንም የመጀመሪያው ገዢ መሆን አይፈልግም። ባለ ቡናውም የአማርኛ ፊደሉ ለብቻው ዋጋ እንዳለው ሲነገረው የተለመደው መልሱ «ፊደሉማ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ አይደል እንዴ?» የሚል ነው።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዴት ገባ የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩ እንደ ዶ/ር አበራ ሞላና ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን የግዕዝን ፊደል ከኮምፒዩተር ጋር ለማስማማት ደከሙ። ቀጥለው የመጡት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው ገቡ። ሁሉም የየራሳቸው አቀማመጥ ስለነበራቸው ግን በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ይህ ጣጣ የሚያበቃበት መንገድ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የመጡትን በብዛት የሚታዩ ፊደሎች ማን እንደከፈለባቸው ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው፣ በደጋ አጋዘን ስም የተጠራው «ኒያላ» የማይክሮሶፍት ነው። «ኖቶ» የጉግል ነው። «አቢሲኒካ» ኤስ.አይ.ኤል. የተባለ የውጭ ድርጅት በነፃ ያደለው ነው። የአገሪቱ ባንኮች ከ30 በላይ ሆነዋል፣ የቢራና የውኃ ኩባንያዎችም ለማስታወቂያ የሚያወጡት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከነዚህ ውስጥ የራሱን የአማርኛ ፊደል አሠርቶ ለሕዝብ የለቀቀ ቢኖር ስሙ በዲዛይን ተማሪዎች ዘንድ በታወቀ ነበር።

ይህ ለአገሩ አዲስ ነገር እንኳ አይደለም። ቀድሞ ዳዊት የሚያጽፍ ሰው ለብራናው ብቻ አልነበረም የሚከፍለው፣ ለቁም ጸሐፊው እጅ ጭምር እንጂ። እገሌ የጻፈው ነው ተብሎ ይወደድ ነበር። ዋጋው የጠፋው ፊደሉ ከእጅ ወጥቶ ከማሽን ሲገባ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች ሒሳቡን ከገባቸው ቆይቷል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2018 የራሱን ፊደል ያሠራው በየዓመቱ ለሌሎች የሚከፍለውን የፊደል ኪራይ ለመቆጠብ ነው። አይ.ቢ.ኤም. ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ «ፕሌክስ» የተባለውን ፊደሉን አሠርቶ ለማንም በነፃ ለቅቆታል። በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ኮምፒዩተር ላይ ስሙ ይነበባል። ለማስታወቂያ ይህን ያህል ርካሽ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እዚህም ቢሆን ከባድ ነገር አይጠይቅም። አርማውን ለመቀየር ያሰበ አንድ ባንክ ከአርማው ጋር ሙሉ የአማርኛ ፊደል በቀጭኑና በወፍራሙ እንዲሠራለት ሊያዝዝ ይችላል። ሦስት ዓመት ለብቻው ይጠቀምበት፣ ልዩነቱን ይሽጥበት፤ ከዚያ በስሙ ለሕዝብ ይልቀቀው። በጊዜ የተወሰነ ብቸኝነት ከፋዩ ለከፈለው ዋጋ እንዲያገኝ ያደርጋል፣ ሌላውም ቆይቶ ይደርሰዋል። ሠሪ ጠፋ የሚል ባንክ ካለ፣ በዓለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትና በሌሎችም ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎች አሉ። ፎንትፎርጅ የተባለው የፊደል መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ነው። ስድስት ተማሪዎች 300ውን ፊደል ቢካፈሉ ለአንዱ 50 ይደርሰዋል፤ በግማሽ ቀኑ ሒሳብ 25 ቀን ነው። እጃቸውን አንድ የሚያደርግ መምህር ያስፈልጋቸዋል እንጂ ዶላር አያስፈልጋቸውም።

እስከዚያው ተማሪዋ ልታደርገው የምትችለው አንድ ነገር በዋጋ ማቅረቢያዋ ላይ ነው። የአርማ፣ የማሸጊያ ንድፍና የኅትመት ክትትል የሚሉት መደዳዎች ተለምደዋል። ከነሱ በታች «የአማርኛ ፊደል ንድፍ፣ 5 ፊደል» የሚል አንድ መደዳ ጨምራ ብር ትጻፍበት። ባለ ቡናው ሊሰርዘው ይችላል። ሲሰርዘው ግን ምን እንደሰረዘ ማንበቡ አይቀርም።