መኪና የቆመበት ሰው የማንን በር ያንኳኳ?



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መኪና ተበላሸብኝ ብሎ በር ለሚያንኳኳ ለማንም አይከፈት፤ ወጥቶም የሚያይ አይኑር» የሚል ነው። አቅራቢዎቹ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በዚህ ሰበብ ግቢ ሊገባ የሚፈልግ ሌባ አይጠፋም። ይሁን እንጂ እኛ በሐሳቡ አንስማማም፤ ለምን እንደማንስማማም በዚህ ሰሌዳ ላይ ልንገልጽ ወደድን።

ሠፈራችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ዳር ነው። ዳገቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሃ የጎደለው፣ የራዲያተሩ ክዳን የላላ መኪና እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይፈላና ቀጥ ይላል። ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚወጣ አለ፤ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ለሽርሽር የሚመጣው በርክቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ ያሉት አሮጌዎች እየተጠጋገኑ መኖራቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ በደጃችን የሚቆም መኪና ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ነገሩን ከቆመው ሰው በኩል እንየው። እኛ «ማን ይሆን?» ብለን በር ስንዘጋ፣ እሱም ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ እኛን ነው የሚፈራው። ለእሱ እንግዳዎቹ እኛ ነን! ሠፈሩ ሁሉ ከተከረቸመ ደግሞ ወደ መኪናው የሚመጣው ማን ነው? ጉዳይ ያለው ብቻ። የደግ ሰው በር ሲዘጋ ሜዳው ለሌባ ይለቀቃል የምንለው ለዚህ ነው።

የሌባው ዘዴ ብዙም አዲስ አይደለም። «ጋሼ፣ የኋላ ጎማዎት ተንፍሷል!» ይላል አንዱ። ጋሼ ደንግጠው በሩን ሳይቆልፉ ወርደው ጎንበስ ሲሉ ሌላው በወዲያኛው በር ቦርሳውን ወይም ስልኩን ይዞ ይሰወራል። ጎማው ምንም አልሆነም። ስለዚህ ከመኪና ስትወርዱ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አራቱንም በር ቆልፉ፤ ቁልፉም ከእጃችሁ አይውጣ።

ሁለተኛው ደግሞ «ገፍተን እናስነሳው» ባዩ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ተገፍቶ አይነሳም። በእጅ ማርሽ የሚሠራው ባትሪው ሲሞት ይነሳል፤ አውቶማቲኩ ግን እስከ አራት ኪሎ ቢገፋም ያው ነው። «እርስዎ ከኋላ ይግፉ፣ እኔ መሪውን ልያዝ» የሚል ሰው ከመጣ አመስግናችሁ እንቢ በሉ። ባለቤቱ መሪው ላይ፣ ሌላው ከኋላ፤ ደንቡ ይኸው ነው። ይህ ለሌባ ብቻ ሳይሆን ለአደጋም ነው። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደነድናል፣ መሪም ይከብዳል፤ በእኛ ዳገት ላይ የማያውቀው ሰው ቢይዘው የማን አጥር ጥሶ እንደሚገባ እንጃ። (ጎማ ሥር የምትወሽቁትን ድንጋይም መንገድ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ስንቱ ጎማ በእሱ ተቀዷል!)

የፈላ ራዲያተር ክዳንስ? መንገደኛው ምንም ቢቸኩልላችሁ እስኪበርድ አይነካ። ፊት ይልጣል።

ሴት ብቻዋን ብትሆን፣ መኪናው ከመንገዱ ዳር እስከ ወጣና ጭስ እስከሌለው ድረስ ከውስጥ ሆና በሩን ቆልፋ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርታ፣ ለዘመድ ስልክ ትደውል። መስተዋቱን ጣት በሚያሾልክ ያህል ብቻ ከፍታ ማነጋገር ነውር አይደለም። ካቦ አስሮ የሚጎትታት ሰው ከተገኘም አስቀድማ የመኪናውን ታርጋ ለቤተሰቧ ትላክ፤ ሰውየውም እያየ ይሁን። ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም። ወይም መኪናውን ቆልፋ በስልክ ታክሲ ጠርታ ትሂድ፤ መኪናውን እኛ እናድርለታለን።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። በር ይከፈት አላልንም። ሰው ሲያንኳኳ በመጀመሪያ የውጭ መብራት ይብራ፤ መብራቱ ብቻውን ግማሽ ሥራ ይሠራል። በአጥር ውስጥ ሆኖ «ምን ሆኑ?» ብሎ መጠየቅ፣ ለጥበቃዎቻችን መደወል፣ ከዚያ ጎረቤት ጠርቶ ሁለት ሆኖ መውጣት ነው። ውሃ ከፈለገ ጀሪካኑ በአጥር በላይ ይሰጠዋል። ወጣቶቻችንንም እንለምናለን፤ አምስት ስድስት ሆናችሁ መኪናውን አትክበቡ፣ መስተዋትም አትደብድቡ። አንዳችሁ ብቻ፣ ፊቱ በሚታይበት ብርሃን ላይ ቆሞ፣ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ይናገር። ገፍቶ ሲያበቃ «አምስት መቶ ብር ካልሰጠኸን» ብሎ መንገድ የሚዘጋም አለ። ይህ ከዝርፊያ በምን እንደሚለይ አልገባንም። በፈቃዱ ከሰጠ ተቀበሉ።

የጠረጠራችሁት ነገር ሲኖር ፖሊስ 991፣ የተጎዳ ሰው ሲኖር የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁጥሮቹ በየበሩ ከውስጥ ይለጠፉ።

በመጨረሻም ማኅበሩ አንድ ካቦ፣ አንድ የሚያንጸባርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትና ጠንካራ የእጅ ባትሪ ገዝቶ በጥበቃ ቤቱ እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን። ቤቱ ውስጥ ሥራ የፈታ ካቦ ወይም ክሪክ ያለው ነዋሪ እስከ ቅዳሜ ድረስ ለጥበቃዎች ቢያስረክብ ግዢው ይቀልልናል። «በር አይከፈት» የሚለው ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ስለሚሰጥበት፣ የማትስማሙም የምትስማሙም እንዳትቀሩ።

የማኅበሩ የማስታወቂያ ክፍል