ካታሎግ ማዘጋጀት ምርምር ነው፦ ከጌታቸው ኃይሌ የሥራ ሕይወት የሚቀሰም ትምህርት

ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈር ስም ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ የሬዲዮ ጣቢያ የተወረሰ ነው። ስሙን ዕለት ዕለት የሚጠራው ነዋሪ ታሪኩን ባያስታውስም ቃሉ ይዞት ቆይቷል። የፊሎሎጂ ሙያ በቃልና በጽሑፍ ውስጥ የተቀመጠውን እንዲህ ያለ ትዝታ ፈልቅቆ ማውጣት ነው። ይህ ሙያ በድኅረ ምረቃ ትምህርታችን የሚገባውን ክብር አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

ለማስረጃ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሕይወት እንመልከት። በ1931 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ጌታቸው በካይሮ ተምረው በ1962 ከቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1975 ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ጥይት ቆስለው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት፣ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን መመርመር ያዙ። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ከጽሕፈት አልተለዩም።

ካታሎግ የዕቃ ዝርዝር ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ አዘጋጁ የብራናውን ዕድሜ ከፊደሉ ቅርጽ፣ በጸሎት ውስጥ ከሚጠሩ ነገሥታትና ጳጳሳት ስም ይገምታል፤ ርእስ የሌለውን ድርሳን ለይቶ ያውቃል፤ በኅዳግ የተጻፈውን የርስትና የጉልት ማስታወሻ ያነባል። ይህ ሁሉ ፍርድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በኮምፒውተር የተከማቸ ምስል ብቻውን አንባቢ አይሆንም።

ፍሬውም ግልጽ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተሳደዱትን የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድላት ጌታቸው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። በዚህም የዘመኑን ታሪክ ከአሳዳጁ ቤተ መንግሥት ወገን ብቻ ሳይሆን ከተሳዳጆቹም አንደበት ለመስማት ችለናል። ጽሑፉ ሳይታተም ስለ ንቅናቄው ንድፈ ሐሳብ መደርደር መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ እንደ ማቆም ነው።

ግዕዝ ብቻውንም አይበቃም። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዋናነት ከጽርእ ነው፤ ንጉሥ ኢዛናም በግዕዝና በጽርእ ጽሑፍ አስቀርጿል። የአክሱም ዘመን የጽርእ ጽሑፎችን ሰብስቦና ተርጉሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያቀረበልን ግን ፈረንሳዊው የጽርእ ሊቅ ኤትየን በርናንድ ነው። በውጭ ሊቅ መደገፋችን አያሳፍርም፤ ንባቡን ልናመሳክርና ልንሞግት የምንችል ጥቂቶች መሆናችን ግን ሊያሳስበን ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አንድን ብራና አመሳክሮ ማቅረብ ወይም የአንድን ደብር መጻሕፍት በካታሎግ መግለጽ ለማስተርስም ለዶክትሬትም ሙሉ መመረቂያ ሆኖ ይቈጠር። ሁለተኛ፣ የጥንት ታሪክና የግዕዝ ተማሪዎች ጽርእ ወይም ዓረብኛ ይማሩ። ሦስተኛ፣ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን በምርምር ማማከር ይሳተፉ፤ ዕውቀታቸው ለቃለ መጠይቅ ብቻ የሚፈለግ አይሁን።

ይህን ሳናደርግ ብንዘገይ የሚጎዳው የተመራማሪው ዕድገት ብቻ አይደለም። ብራና በእሳት፣ በእርጥበትና በስርቆት ይጠፋል፤ አንባቢውም በሞት ይለያል። አንባቢን ለመተካት ግን የዓመታት ትምህርት ያስፈልጋል።