ማዳበሪያ በኪሎ ሲሸጥ ቁጥሩም አብሮ ይሂድ

በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ በግቢው ጥቂት መደብ ጎመን፣ ጥቂት እግር እንሰትና ሙዝ ላለው ሰው 50 ኪሎ ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል? የሚበቃው ሁለትና ሦስት ኪሎ ነው። ይህን በላስቲክ ወይም በወረቀት አስመዝኖ ሲሄድ ግን፣ የማዳበሪያው ቁጥር በትልቁ ከረጢት ላይ ይቀራል።

ቁጥሩ በመቶ ኪሎ ማዳበሪያ ውስጥ ስንት ኪሎ ንጥረ ነገር እንዳለ ያመለክታል። ኡሪያ 46-0-0 ሲባል በ50 ኪሎው ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። በተለመደው አጻጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር የናይትሮጅን፣ ሁለተኛው በኦክሳይድ መልክ የተሰላ የፎስፎረስ፣ ሦስተኛው የፖታሲየም ነው። ዳፕ፣ ማለትም 18-46-0፣ የሚነበበው በዚሁ ሥርዓት ነበር።

ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ ግን ብዙ ጊዜ 19-38-7 ተብሎ ይጻፋል። ይህ 7 ፖታሲየም አይደለም፤ ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር ነው። ፖታሲየም ጨርሶ የለውም። እንሰት፣ ሙዝና ድንች ደግሞ ፖታሲየም አጥብቀው የሚሹ ተክሎች ናቸው። ሰባቱን ቁጥር አምኖ በየዓመቱ ኤንፒኤስ ብቻ የሚጨምር ባለ ጓሮ፣ መሬቱን አበላሁ ሲል ያራቁተዋል። የምድጃ ዐመድ ፖታሲየም ስላለው በልኩ ቢበተን ይረዳል። ከኡሪያ ጋር እንዳይቀላቀል ግን አደራ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

መጠኑም ከእርሻ ወደ ጓሮ መመንዘር አለበት። በሄክታር 100 ኪሎ የሚለው ምክር በካሬ ሜትር 10 ግራም ይሆናል፤ 2 ሜትር በ5 ሜትር ለሆነ መደብ 100 ግራም መሆኑ ነው። በእፍኝ የሚረጭ ሰው ይህን በቀላሉ አልፎ ቡቃያውን ያቃጥላል። ሣር አለምልማለሁ ብሎ ኡሪያ የሚያበዛም ትርፉ በዝናብ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ሊገባ እንደሚችል ይወቅ፤ ከሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም።

በእያንዳንዱ መያዣ ላይ መጻፍ ሥራ ያበዛል የሚሉ የማኅበር ሠራተኞች አሉ፤ ገዢው አያነብም የሚሉም አይጠፉም። ሁለቱንም አልቀበልም፤ አባት ባያነብ ልጅ ያነብለታል። ጽሑፉም አንድ መስመር ነው፦ «ኤንፒኤስ፤ ናይትሮጅን 19፣ ፎስፎረስ 38፣ ድኝ 7፣ ፖታሲየም የለውም፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም»። የልማት ሠራተኛውም በማኅበሩ መጋዘን ሲያልፍ ሚዛኑን ብቻ አይቶ አይመለስ፤ የተመዘነው መያዣ ላይ ምን እንደተጻፈ ገልብጦ ይመልከት።