የዱር እንጆሪ ከምግብ ይቆጠር



ስለ ፍራፍሬ የምግብነት ይዘት በአማርኛ በሚወጡ ጽሑፎች ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ሙዝ በየተራ ሲወደሱ፣ በደጋውና በወይና ደጋው በየጅረቱ ዳርና በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው የዱር እንጆሪ ስሙ እንኳ አይነሣም፤ ቢነሣም የእረኛ ልጆች መቃመሻ ተደርጎ ይታለፋል። የዚህ ደብዳቤ ዓላማ የዱር እንጆሪ በአመጋገብ ትምህርት ውስጥ እንደ ማንኛውም ፍራፍሬ ከምግብ ሊቆጠር የሚገባው መሆኑን፣ መድኃኒት ነው ተብሎ ግን ሊወራለት የማይገባ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ ተክሉን መለየት ያስፈልጋል። በከተማ ገበያ እንጆሪ ተብሎ በአብዛኛው የሚሸጠው መሬት ለመሬት የሚበቅለው ስትሮውቤሪ ሲሆን፣ እዚህ የሚነገርለት ግን እሾኻማ ቁጥቋጦ የሚያፈራው፣ በሥነ ዕፅዋት ሩቡስ በሚባለው ወገን የሚመደበውና የፈረንጁ ራስቤሪ የቅርብ ዘመድ የሆነው ፍሬ ነው። ወገኑ ከጽጌረዳ ቤተሰብ በመሆኑ ከኮሶና ከቀጋ ጋር ይዛመዳል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ከሚገኙት ዝርያዎች መካከል፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሪቱን በጎበኘው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በስቶይድነር ስም የተሰየመው ሩቡስ ስቶይድነሪ እና ሩቡስ አፔታሉስ ይጠቀሳሉ።

የዘመዱ የራስቤሪ ፍሬ ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች እርስ በርስ ተያይዘው የሠሩት ነው። እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ ስስ ቆዳና የራሷ ጠንካራ ዘር ያላት ሲሆን፣ በስሎ ሲቀጠፍ እምብርቱ ከአበባው እግር ጋር ስለሚቀር ጠቅላላው ፍሬ እንደ ቆብ ውስጡ ባዶ ሆኖ እጅ ላይ ይቀራል። በላተኛውም ሳይልጥና ሳይተፋ ቆዳውንም ዘሩንም አብሮ ስለሚውጥ፣ የፍሬው ትልቁ የምግብነት ዋጋ የሚመነጨው ከዚሁ አፈጣጠሩ ነው። አንድ መቶ ግራም ትኩስ ቀይ ራስቤሪ 86 ግራም ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ 52 ኪሎ ካሎሪ ኃይል፣ 4.4 ግራም ገደማ ስኳርና 6.5 ግራም ፋይበር ይሰጣል። ፋይበር ማለት የሰው ትንሽ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው፣ ነገር ግን ሆድ እንዳይደርቅ የሚረዳና ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገይ የዕፅዋት ክፍል ነው። በዚሁ መጠን ብርቱካን 2.4 ግራም፣ ሙዝ ደግሞ 2.6 ግራም ፋይበር ብቻ ያለው ሲሆን፣ የሙዝ ስኳር 12 ግራም ገደማ ይደርሳል። በፋይበር ረገድ በየዕለቱ ከሚበሉት ፍራፍሬዎች መካከል ራስቤሪን የሚስተካከለው ጥቂት መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

የቫይታሚን ሲ መጠኑ በ100 ግራም 26 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ከብርቱካን ግማሽ ያህል ቢሆንም፣ የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ያስፈልጋል ካሉት 45 ሚሊ ግራም ከግማሽ በላይ ነው። ለአጥንትና ለሰውነት ኬሚካላዊ ሥራ የሚያስፈልገው ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድንም ከዕለት ፍላጎት ሲሶ ገደማ ይገኝበታል። እነዚህ አኃዞች የተወሰዱት ከለማው ቀይ ራስቤሪ በመሆኑና የዱሩ ይዘት እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ ብስለቱ የሚለያይ በመሆኑ፣ የአገሩ ዝርያዎች በየአካባቢያቸው እየተለኩ ውጤቱ ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሊደርስ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የብረት ጉዳይ ነው። ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ የሚገኘው ብረት፣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚይዘው፣ ከሥጋ ከሚገኘው ብረት ይልቅ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል። የሊጡ መቡካት ፋይቴቱን የሚቀንሰው ሲሆን፣ በዚያው ማዕድ የተበላ ቫይታሚን ሲም ብረቱን አንጀት በቀላሉ ወደሚቀበለው መልክ ይለውጠዋል። በጾም ወራት ሥጋ ለማይቀምስ ሰው ከምግቡ ጋር ፍራፍሬ መብላት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም እንጆሪ ራሱ ኤላጂታኒን የሚባሉ፣ ከታኒን ወገን የሆኑ ውሁዶችን የያዘ በመሆኑና ታኒን ደግሞ ብረትን የመያዝ ጠባይ ስላለው፣ «እንጆሪ የደም ማነስን ያድናል» ማለት እውነቱን ማለፍ ይሆናል።

ሌሎች የተጋነኑ ወሬዎችም በዚሁ ሚዛን ሊታዩ ይገባል። ፍሬውን የሚያቀሉት አንቶሲያኒን የተባሉ ቀለሞችና ከኤላጂታኒን የሚገኘው ኤላጂክ አሲድ በቤተ ሙከራ በሕዋሳት ላይ ያሳዩት ውጤት፣ ፍሬው በሰው ላይ ካንሰርን ይከላከላል ለማለት አይበቃም። በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች ለክብደት መቀነሻ ተብሎ የሚሸጠው የራስቤሪ ኬቶን እንክብልም፣ ንጥረ ነገሩ በአንድ ኪሎ ፍሬ ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ግራም የማይበልጥ በመሆኑ፣ በአብዛኛው የሚሠራው በፋብሪካ ነው። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለእንክብሉ የሚያወጡትን ገንዘብ ለፍሬው ቢያውሉት እጅግ ይጠቀማሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍም በበረዶ ደረጃ የቀዘቀዘው ፍሬ አብዛኛውን ቫይታሚን ሲ ስለሚጠብቅ ጥሩ ምትክ ነው።

ትኩሱ ፍሬ ከተቀጠፈ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። በዚህም ምክንያት ከዱር ለሩቅ ገበያ መድረስ ስለማይችል የሚጠቅመው በቅርቡ ያለውን ቤተሰብ ነው። ማርማላታ ሲሆን እሳቱ ቫይታሚን ሲውን ይቀንሰዋል፣ የሚጨመረው ስኳርም ዋናውን ብልጫውን ያሳጣዋል፤ በወንፊት ከተጠለለ ደግሞ ፋይበሩ ከዘሩ ጋር ይጣላል። ከመንገድ ዳር ወይም ፀረ ተባይ ከተረጨ ማሳ አጠገብ የተለቀመውን መተው፣ ሌላውንም በንጹሕ ውሃ አጥቦ ወዲያው መብላት ተገቢ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። በገጠር የሚኖረው አብዛኛው ቤተሰብ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ሲበላ፣ ያለ ገንዘብ የሚገኘው እንጆሪ ማሳው እስከ ጅረቱ አፋፍ ሲታረስና የድሮው አጥር በባሕር ዛፍ ሲተካ አብሮ ይመነጠራል። ለአጥር የሚሆን እሾኽና ለልጆች የሚሆን ፍሬ በአንድነት የሚሰጥ ቁጥቋጦ በትምህርት ቤት ቅጥርና በጓሮ ዙሪያ ቢተከል ወጪው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ መጽሔቱ ወደፊት የፍራፍሬን የምግብ ይዘት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሲያወጣ የዱር እንጆሪን ከስትሮውቤሪ ለይቶ በራሱ መደብ እንዲያስገባው፣ የግብርናና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም ስለ አገሩ ዝርያዎች እንዲጽፉበት እንዲጋብዝ በአክብሮት ይጠየቃል።