የመንግሥት መረጃ በአንድ ሥፍራ ብቻ ሲቀመጥ

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም ምሽት በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የተነሳው የእሳት አደጋ ከ600 በላይ የኮምፒዩተር አገልግሎቶችን ማቋረጡ ይታወሳል። ከአገልግሎቶቹ መካከል ብዙዎቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። “ጂ ድራይቭ” የተሰኘው የመንግሥት ሠራተኞች የሰነድ ማከማቻ ግን ከያዘው 858 ቴራባይት መረጃ ጋር ወድሟል። ወደ 125 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች ይገለገሉበት ነበር።

ማከማቻው በሌላ ሥፍራ መጠባበቂያ ቅጂ ያልነበረው የመረጃው መጠን እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ እንደሆነ ተገልጿል። ምክንያቱ በከፊል እውነትነት አለው። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ሌላ ሥራ ሳይነካው ለዚሁ ተግባር ብቻ ቢውል እንኳ ይህን ያህል መረጃ ለማጓጓዝ 80 ቀናት ገደማ ይወስድበታል። ይሁን እንጂ ይህ ድካም የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ከደረሰ በኋላ በየዕለቱ መተላለፍ የሚኖርበት አዲስ የተጻፈው ወይም የተለወጠው ሰነድ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላው ክምችት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ዝውውሩ በየደቂቃው፣ በየሰዓቱ ወይስ ሌሊት ሌሊት ይከናወን የሚለው ጥያቄ ቴክኒካዊ ቢመስልም፣ መሥሪያ ቤቱ የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ ሊሸከም ይችላል የሚል በመሆኑ ሊመልሰው የሚገባው የሥራ ኃላፊው ነው።

በኮሪያ ክፉኛ የተጎዳው ሠራተኞቹ ሰነዶቻቸውን በዚሁ ማከማቻ ብቻ እንዲያስቀምጡ መመሪያ ሰጥቶ የነበረው የሰው ኃብት አስተዳደር ሚኒስቴር ነው። መመሪያው በየጠረጴዛው የተበተነውን ሰነድ ለመሰብሰብ የታሰበ፣ በራሱ ነቀፋ የሌለበት ነበር። በይፋ የጸደቁ ደብዳቤዎች በሌላ ሥርዓት ውስጥ ተመዝግበው ስለነበር ተርፈዋል፤ ረቂቆችና የሥራ ማስታወሻዎች ግን ያንን ዕድል አላገኙም።

ዩክሬን በተቃራኒው የመንግሥት መረጃ ከአገር ውጭ በሚገኙ የክላውድ ማዕከላት እንዲቀመጥ የሚፈቅደውን ሕግ ያጸደቀችው ጦርነቱ ከመቀስቀሱ አንድ ሳምንት በፊት፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም ነበር። ከዚያም መረጃው በመስመር ብቻ ሳይሆን ሻንጣ በሚያህሉ የማከማቻ መሣሪያዎች ተጭኖ ጭምር ድንበር ተሻግሯል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ10 ፔታባይት በላይ መጓጓዙን አገልግሎቱን የሰጠው አማዞን አስታውቋል።

ኢስቶኒያ ደግሞ አደጋ እስኪደርስ አልጠበቀችም። በሰኔ 2009 ዓ.ም ከሉክሰምበርግ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት የወሳኝ መዛግብቷ ቅጂ በዚያች አገር የሚቀመጥ ሲሆን፣ ሥፍራውም ለኤምባሲ የሚሰጠውን ዓይነት ጥበቃ ያገኛል።