ባለ እጁ ቢሞት አደራው አይሞትም

አደራ በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ እምነት ነው። ከሁለቱ አንዱ በሞት በተለየ ጊዜ ግን ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል፤ የሚቀረውም ሰው የዕቃው ባለቤት ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ማስረጃ የለውም። ይህ ችግር በማናቸውም የእጅ ሥራ ዘንድ የሚያጋጥም ሲሆን በጠመንጃ ሠሪ ቤት ይብሳል። ምክንያቱም ለማበጀት የሚሰጠው ጠመንጃ ዋጋው ከፍ ያለ፥ ብዙ ጊዜም ከአባት ለልጅ የተላለፈ፥ ደግሞም ያለ ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ ሊዘዋወር የማይገባው ዕቃ ነው።

ባለ ጠመንጃው ሰደፉ የተሰነጠቀውን ወይም ቃታው የላላውን መሣሪያ ለባለ እጁ ይሰጣል፤ ዋጋ ይነጋገራል፤ ቀን ይቀጥራል። ባለ እጁን ያመነ ስለ ሆነ ወረቀት መጠየቅን እንደ ነውር ይቈጥረዋል። ባለ እጁ በድንገት ያረፈ እንደ ሆነ ወራሾቹ ከለቅሶው በኋላ የሥራ ቤቱን ከፍተው በግድግዳው የተሰቀሉትን መሣሪያዎች ያገኛሉ። የትኛው የሟቹ፥ የትኛው የሰው እንደ ሆነ የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነበር። ባለቤቱ መጥቶ ሲጠይቅ ወራሾቹ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም፤ ሙት መልስ አይሰጥምና የሐሰት ጠያቂም ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ወገኖች እውነተኞች ሳሉ ይጣላሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ነገር መሠረት አለው። ወራሽ የሚወርሰው የሟቹን መብትና ግዴታ ነው፤ የሟቹ ያልነበረውን ሀብት ሊወርስ አይችልም። ባለቤቱም በአንቀጽ 1206 መሠረት ንብረቱን ያለ አግባብ ከያዘበት ከማናቸውም ሰው ላይ መጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በአንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው የዕቃው ባለቤት እንደ ሆነ ይገምታል። እንግዲህ የማስረዳቱ ሸክም በጠያቂው ላይ ይወድቃል። ከዚህም በላይ በቅን ልቡና ዋጋ ከፍሎ ተንቀሳቃሽ ዕቃን የተረከበ ገዢ በአንቀጽ 1161 ይጠበቃል። ስለዚህ ባለቤቱ በዘገየ መጠን መብቱ እየደከመ ይሄዳል።

በ1804 እ.ኤ.አ. የታወጀው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ አስቦበት፥ የአደራ ተቀባይ ወራሽ ዕቃው አደራ መሆኑን ሳያውቅ በቅንነት ቢሸጠው የተቀበለውን ዋጋ ብቻ እንዲመልስ በአንቀጽ 1935 ወስኗል። ፍርዱ ለወራሹ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የአባቱን ጠመንጃ ያጣ ሰው በብር አይካስም።

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ይህን ችግር በመዝገብ ለማቃለል ሞክረዋል። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግና ደንቦቹ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ሠሪ ለማበጀት ተቀብሎ የሚያሳድረውን መሣሪያ ሁሉ ከነሠሪው ስም፥ ከነዓይነቱና ከነቍጥሩ፥ ከአስረካቢው ስምና አድራሻ ጋር በመዝገብ እንዲያገባ ያስገድዱታል። ባለ ፈቃዱ ሲሞት የትዳር ጓደኛው፥ ልጁ ወይም የውርሱ አስተዳዳሪ ሥራውን ለመቀጠል ቢፈልግ፥ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ፈቃዱን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቅርቦ እስከ ዘመኑ ፍጻሜ ሊሠራበት ይችላል። ሥራው ፈጽሞ ከቆመም መዝገቡ በ30 ቀን ውስጥ ለመንግሥት ይረከባል። በዚህም ምክንያት የሟቹ ዕውቀት ከሟቹ ጋር አይቀበርም።

በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። የሟቹ ወራሾች የሌላውን ሰው ጠመንጃ በቤታቸው ሸሽገው ቢያቈዩ ከክርክሩ ሌላ በወንጀል መጠየቅንም በራሳቸው ላይ ይጠራሉ። ሳይውሉ ሳያድሩ ለፖሊስ ማስታወቃቸው እነርሱን ከክስ፥ ባለቤቱን ከጥፋት ያድናል። ባለቤቱም የፈቃድ ወረቀቱንና በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር አስተያይቶ ቢያቀርብ ከብዙ ምስክር ይልቅ ይረዳዋል። የእጅ ዋጋ ያልከፈለ እንደ ሆነም ለወራሾቹ መክፈል ይገባዋል፤ የሟቹ ድካም የወራሾቹ ገንዘብ ነውና።

የአደራ ነገር በመጻሕፍትም የከበረ ነው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ለባልንጀራ ስለ ተሰጠ አደራ ይፈርዳል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም አደራን የካደ ሰው በተጸጸተ ጊዜ ዕቃውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ እንዲመልስ ያዛል። ካህናት ለዚህ ነገር ቅርብ ናቸው። የነፍስ አባት በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ርስቱና ስለ ዕዳው ሲያስናዝዘው፥ በቤቱ የሰው ዕቃ ይኖር እንደ ሆነ ጠይቆ በምስክሮች ፊት ቢያስጽፍ ሁለት ቤት ያስታርቃል። አደራን መግለጽ ስጦታ አይደለም፤ የሌላውን ገንዘብ የሌላው ነው ብሎ መመስከር ነው።

ዳኞችና የውርስ አጣሪዎችም የባለ እጅ ውርስ ሳይከፈል አስቀድሞ የሥራ ቤቱን ዕቃ በምስክር ፊት አስቈጥረው፥ አደራ አለኝ የሚል ሁሉ በተወሰነ ቀን እንዲቀርብ ቢያስታውቁ፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ይቀንሳል። ባለ እጆች መዝገብ ቢይዙ፥ ባለ ዕቃዎችም ቍጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ ባይሄዱ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው ይቃናል። ደረሰኝ መጠየቅ ባለ እጁን መጠርጠር አይደለም፤ እርሱ በሌለበት ቀን ስለ ታማኝነቱ የሚመሰክርለት ወረቀቱ ነውና።