ከሥራ ሲወጡስ?

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች ስንተዋወቅ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ «ምን ትሠራለህ?» መልሱም ከአንድ ቃል አያልፍም። ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ሆም ኬር። ከዚያ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ይዞራል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ አሁን ይቆጨኛል።

ቁጭቱን የቀሰቀሰብኝ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ የአዲስ አበባ ሒልተንን ምሽቶች ያደመቀው ሙዚቀኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ ኋላም ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ፣ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራውን «ሸሞንሟናዬ» የተባለ ካሴት ባሕር ዳር ላይ ያገኘ አንድ አሜሪካዊ አፈላልጎ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘው አዲስ አልበሙ ወጣ። ስንቱ መንገደኛ ሻንጣውን ጭኖ እዚያ የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆን? ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ እኮ የሙዚቃ ክፍል ነበር።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፤ «ከሥራ ሲወጡስ?»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ አጠገብ ባለ ካፌ ውስጥ ሁሌ የማገኛት እህት አለች። «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ሲባል ሰምቼ ያንኑ ይዤ ኖሬያለሁ። ለካ አስተርጓሚ ናት። ታካሚዋ «ደረቴን ያቃጥለኛል» ካሉ፣ እሷም በእንግሊዝኛ «ደረቴን ያቃጥለኛል» ነው የምትለው፤ «ያቃጥላቸዋል» አትልም። መጨመርም መቀነስም ክልክል ነው። አሮጊቷ ድንገት ዞር ብለው «የማን ልጅ ነሽ የኔ እናት?» ቢሏት፣ ያንንም ለሐኪሙ መንገር አለባት።

«ከሁሉ የሚከብድሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሆዴን ባር ባር ይለኛል ሲሉኝ» አለች። «ሆድ ያልኩ እንደሆነ ሐኪሙ ሆዳቸውን ሊነካ ይነሣል። እሳቸው ግን የሚነግሩኝ ብቸኝነታቸውን ነው።» እንዲህ ሲያጋጥማት ፈቃድ ጠይቃ ለሐኪሙ ታብራራለታለች።

ከሥራ ስትወጣ ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት ከቦርሳዋ ጠርዙ የተላላጠ ደብተር አወጣች። የሕመም ቃላት ትሰበስባለች። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ፍልጠት፣ ጠቅ ጠቅ ማድረግ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ሕመሙ የቱ ጋ እንደሚሰማና እንዴት እንደሚመጣ በእርሳስ ተጽፏል። እናቶች አዲስ ቃል በነገሯት ቁጥር ማታ ቤቷ ገብታ ትጨምራለች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አይከፍላትም። እኔ ግን ደብተሩን ሳገላብጥ ትልቅ ሥራ በእጄ እንደያዝኩ ተሰማኝ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልናገር። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ያለክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ መሠረቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ይህ መብት እያለ ትንሽ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለማስተርጎም ይዞ የሚሄድ ወላጅ ዛሬም አያለሁ። የእናቱን የካንሰር ውጤት ልጅ ሊያስተረጉም አይገባም። እባካችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አሌክሳንድሪያ ሄጄ፣ መኪና ያቆምኩበት ፓርኪንግ የሚሠሩትን አባት ያንኑ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ከሥራ ሲወጡስ?»

ፈገግ ብለው ወደ ጠባቧ ቤታቸው ጠሩኝ። መስኮቱ ሥር ጋዜጣ ላይ የተበተነ የበሶብላ ዘለላ ይደርቃል፤ ጠረኑ የእናቴን ጓዳ አመጣብኝ። የአፓርታማቸው በረንዳ ላይ በሶብላና ጤና አዳም በባልዲ ይተክላሉ። ጤና አዳሙ ብርድ የበለጠ ይችላል፤ በሶብላው ግን የመጀመሪያው ውርጭ ሲነካው ጠቁሮ ይሞታል። ስለዚህ በየዓመቱ ዘሩን ለቅመው ያስቀምጣሉ፤ ለጎረቤትም ያድላሉ።

ዘለላውን በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው ገለባውን አበረሩት። የቀረችውን ጥቁር ፍሬ በፓርኪንግ ትኬት ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ብርዱ ጨርሶ ሳይወጣ እንዳትዘራው፤ አፈሩም ላዩን ብቻ ይሸፍነው» አሉኝ።